ኪሎ ሲቆጠር ኪስ ተረሳ፦ ስለ ዚምባብዌ የትንባሆ ውል እርሻ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ውል እርሻ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ጽሑፉ የዚምባብዌን የትንባሆ ገበሬ በምሳሌነት ያቀርባል። አሠራሩ ቀላል ነው። ኩባንያው ዘር፣ ማዳበሪያና ኬሚካል በብድር ይሰጣል። ገበሬው ያመርታል፣ ምርቱንም ለዚያው ኩባንያ ያስረክባል። ብድሩ ከሽያጩ ላይ ቀድሞ ይቆረጣል። የተረፈው ለገበሬው ይሆናል።

ጸሐፊው በዚህ አሠራር ላይ አምስት ነገር ይላሉ። ውሉ የወደቀውን የዚምባብዌ ትንባሆ አንስቶታል። ውል ያለው ገበሬ ውል ከሌለው የበለጠ ምርታማ ነው። የተሻለ ዋጋም ያገኛል። አደጋውን ኩባንያው ይሸከምለታል። ችግር ካለ ችግሩ ውሉን ጥሶ ምርቱን በጎን ለሌላ ገዢ የሚሸጠው ገበሬ ነው፣ ስለዚህ ቅጣቱ ይጥበቅ። ከዚህ ተነስተው አሠራሩ ለሌላ ሰብልም ይዳረስ ይላሉ።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የውል እርሻ ጠላት አይደለሁም። ግን እነዚህ አምስት ነጥቦች በዚሁ ከታለፉ ነገ ሌላ ገበሬ ላይ ሌላ ውል ይጫንበታል። ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያውና ከትልቁ ልጀምር። ውሉ ትንባሆውን አንስቶታል የሚለው።

ጸሐፊው ያቀረቡት ቁጥር ትክክል ነው። በ2000 የአገሪቱ ምርት ወደ 237 ሚሊዮን ኪሎ ነበር። መንግሥት የነጮቹን ትልልቅ እርሻዎች ወስዶ ለአገሬው ሰው ካከፋፈለበት የመሬት ድልድል በኋላ እያሽቆለቆለ ሄዶ በ2008 ወደ 48 ሚሊዮን ወረደ። በ2023 ወደ 296 ሚሊዮን ወጣ። በ2025 ደግሞ ከ350 ሚሊዮን አለፈ። ይህን ያየ ሰው መሃል ላይ ምን ተፈጠረ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጸሐፊው የተፈጠረው ውሉ ነው ብለው ደመደሙ።

ጥያቄው ወዲህ ነው። ውሉ የተጀመረው መቼ ነው? በ2004። ታዲያ ከ2004 በኋላ ምርቱ ምን ሆነ? አላደገም። በ2006 ወደ 55 ሚሊዮን ኪሎ አካባቢ ነበር። ዝቅተኛው ቁጥር የተመዘገበው በ2008 ነው፣ ማለትም ውሉ ከተጀመረ ከአራት ዓመት በኋላ። ፈዋሹ መድኃኒት ውሉ ከሆነ በእነዚያ ዓመታት ለምን አልሠራም?

መልሱ ያለው ገንዘቡ ጋ ነው። በ2008 የዚምባብዌ ዶላር ዋጋ ጠፍቶ ነበር። ጠዋት የተቀበልከው ብር ማታ ምንም አይገዛም። ትንባሆ ሸጦ ወረቀት ይዞ የሚገባ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ምን ብሎ ይተክላል? በ2009 መጀመሪያ አገሪቱ የውጭ ገንዘብ መጠቀም ፈቀደች። ሽያጩ በአሜሪካ ዶላር ሆነ። በ2010 ምርቱ ከ120 ሚሊዮን ኪሎ አለፈ፣ ካለፈው ዓመት ከእጥፍ በላይ። ውሉ ከዚያ በፊትም ነበር። አዲሱ ነገር ገበሬው የሸጠበት ገንዘብ ዋጋ ያለው መሆኑ ነው።

ውሉ ድርሻ የለውም እያልኩ አይደለም። አለው። ገንዘቡ ሲረጋ ኩባንያዎች ካፒታል ይዘው ገቡ። በድልድሉ መሬት ያገኘው ገበሬ ባንክ ሄዶ መበደር አይችልም ነበር። መሬቱ የመንግሥት ነበር፣ በእጁ ያለውን ወረቀት ባንክ እንደ መያዣ አይቀበለውም ነበር። ማዳበሪያ የሚያበድረው ከኩባንያው በቀር ማንም አልነበረም። ይህን ጸሐፊው እንደ ውሉ ብርታት ያዩታል። እኔ የማየው ሌላ በር አለመኖሩን ነው። አንድ በር ብቻ ባለበት ቤት ሁሉም በዚያ በር ቢገባ፣ በሩ ጥሩ ስለሆነ ነው ማለት አይቻልም።

ሌላም አለ። ርዕሱ ምርታማነት ነው፣ የቀረበው ቁጥር ግን ጠቅላላ ምርት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በ2000 ትንባሆ የተተከለበት መሬት ወደ 85 ሺህ ሄክታር ነበር። በ2018 ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ሆነ፣ ምርቱም ወደ 252 ሚሊዮን ኪሎ። አካፍሉት። በ2000 አንድ ሄክታር በአማካይ 2,800 ኪሎ ገደማ ሰጥቷል። በ2018 ወደ 2,400። ጠቅላላው በልጧል፣ በሄክታር ግን አንሷል። የአምራቹ ቁጥር ደግሞ ከ8,500 አካባቢ ተነስቶ ከ100 ሺህ በላይ ደርሷል።

ይህን ስል ሚዛኑን ላዛባ አልፈልግም። በ2000 ምርቱ በአብዛኛው የመጣው መስኖና ማሽን ካላቸው ትልልቅ እርሻዎች ነው። የዛሬው በአብዛኛው ዝናብ ጠብቆ የሚተክል አነስተኛ ገበሬ ነው። እነሱን ማወዳደር ለገበሬው ፍትሕ አይሆንም። ከ2008 ጀምሮ ከታየም የሄክታሩ ምርት በእርግጥ ጨምሯል። የምለው ይህን ያህል ነው፦ የአገር ድምር ይዞ ስለ አንድ ገበሬ ማሳ መናገር አይቻልም። ድምሩ ያደገው በብዙ ሰውና በሰፊ መሬት ጭምር ነው።

የ2024ን ዓመትም ልብ ማለት ያስፈልጋል። በኤልኒኖ ድርቅ ምክንያት ምርቱ ወደ 230 ሚሊዮን ኪሎ ገደማ ወረደ። በ2025 ዝናቡ ሲመለስ ከ350 አለፈ። በሁለቱም ዓመት ውሉ ያው ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ውል ያለው ገበሬ ውል ከሌለው የበለጠ ምርታማ ነው የሚለው ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነቱን ሙሉ ለሙሉ ለውሉ ሰጡት።

ግን ኩባንያው ውል የሚሰጠው ለማን ነው? እስቲ በኩባንያው ወንበር እንቀመጥ። የማበድረው ገንዘብ እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የማየው ማድረቂያ ቤቱን ነው። በዚምባብዌ በብዛት የሚመረተው የቨርጂኒያ ትንባሆ በፀሐይ አይደርቅም። በጡብ በተሠራ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ፣ ከታች እሳት እየነደደ፣ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ አካባቢ ቀስ እያለ ወደ 70 ዲግሪ ከፍ እያለ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ሙቀቱ ቶሎ ከወጣ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ከዘገየ ይጠቁራል። ደህና ማድረቂያ የሌለው ሰው የቱንም ያህል ማዳበሪያ ቢሰጠው የሚያወጣው ቅጠል አይሸጥም። ቀጥሎ የማየው አፈሩን፣ መንገዱን፣ ያለፈውን ዓመት የሽያጭ መዝገቡን ነው። ሦስቱ ካልተሟሉ አልፈርምለትም።

እንግዲህ ውሉን የፈረመው ሰው ከመፈረሙ በፊትም የተሻለ አምራች ነበር። ጸሐፊው ያነጻጸሩት ውል ያለውንና የሌለውን ገበሬ ሳይሆን፣ ማድረቂያ ያለውንና የሌለውን ገበሬ ሊሆን ይችላል። ይህን መለየት ይቻላል። ያው ገበሬ ከውሉ በፊትና በኋላ ምን እንዳመረተ ማየት፣ ወይም ተመሳሳይ አፈርና ማድረቂያ ያላቸውን ማወዳደር አንድ መንገድ ነው። ጽሑፉ ይህን አላደረገም።

ከዚህም ሌላ የወጡት ሰዎች አሉ። ውል ገብቶ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት ዕዳ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ገበሬ በሦስተኛው ዓመት መጠይቅ ላይ አይገኝም። በቆጠራው ውስጥ የሚታየው የተረፈው ብቻ ነው። በ2018 በዓለም ዙሪያ የተሠሩ የውል እርሻ ጥናቶችን የመረመረ ሰፊ ግምገማ ወጥቶ ነበር። ጥናት ከተደረገባቸው ውሎች አብዛኞቹ የገበሬውን ገቢ ከፍ እንዳደረጉ አግኝቷል። ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ግን ያው ግምገማ ገና ሳይጠኑ የፈረሱ ውሎች በቁጥሩ ውስጥ እንደሌሉና ውጤቱ በዚህ ምክንያት ከእውነቱ በላይ ሊያምር እንደሚችል ጭምር አስጠንቅቋል። ከአንድ ጥናት ግማሹን መውሰድ አይገባም።

የብቃት መለኪያውም ላይ አንድ ቃል። ጸሐፊው የተጠቀሙበት መለኪያ ገበሬው በያዘው መሬት፣ ጉልበትና ማዳበሪያ ሊያመርት ከሚችለው ምን ያህሉን አመረተ የሚለውን ነው። ጠቃሚ መለኪያ ነው። ግን ማዳበሪያው በስንት ተገዛ፣ ወለዱ ስንት ነው፣ ቅጠሉ በስንት ተሸጠ አይልም። በዚህ መለኪያ አንደኛ የወጣ ገበሬ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፣ ወደ ዋጋው። ጸሐፊው የውል ሽያጭ አማካይ ዋጋ ውል የሌለው ገበሬ ከሚሸጥበት ጨረታ ከፍ ይላል ይላሉ። በብዙ ዓመታት እውነት ነው። በ2023 አጠቃላይ አማካዩ በኪሎ ወደ 3 ዶላር ነበር፣ የውሉ ከጨረታው በጥቂት ሳንቲም ይበልጥ ነበር።

ግን አማካዩ ውስጥ ማን አለ? ከ2005 ጀምሮ በአገሪቱ የሚሠራው የቻይናው ቲያን ዜ በውድ የሚገዛ ኩባንያ ነው። በቀጥታ የሚዋዋለው ደግሞ በአብዛኛው ከትልልቅ አምራቾች ጋር ነው። የእነሱ ዋጋ በሰሜን ካለው የሁሩንግዌ ወረዳ አነስተኛ ገበሬ ዋጋ ጋር ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል አማካዩ ያምራል። የሁሩንግዌው ገበሬ ግን አማካዩን አይቀበልም። የሚቀበለው ለራሱ የቅጠል ጥቅል የተጻፈለትን ነው።

ዋናው ነገር ግን የዋጋው አወጣጥ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በጨረታ ቤት ጥቅሎቹ በረድፍ ይደረደራሉ። ገዢዎች በረድፉ ያልፋሉ። አንዱ የተወውን ሌላው ይጨምርበታል። በውል ሽያጭ ላይ ገዢው አንድ ነው። የኩባንያው ሰው ጥቅሉን ከፍቶ ቅጠል ይመዛል። ከተክሉ የትኛው ክፍል እንደተለቀመ ያያል፣ ከታች ነው ከመሃል ነው ከጫፍ። ቀለሙን ያያል፣ ሎሚ ነው ብርቱካን ነው ወይስ ጠቁሯል። ከዚያ ደረጃ ይሰጠዋል። የዋጋ ሰንጠረዡ አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ ስለዚህ ዋጋውን የሚወስነው ደረጃው ነው። ደረጃውን የሚሰጠው ደግሞ ገዢው፣ ማለትም አበዳሪው። አንድ ደረጃ ዝቅ ሲል የዓመት ልፋት ላይ ስንት እንደሚቀንስ ገበሬው በቃሉ ያውቀዋል።

ገበሬው አልስማማም ማለት ይችላል ይላሉ ጸሐፊው። ይችላል፣ ደንቡ ይፈቅድለታል። ሽያጩን ይሰርዛል። ከዚያስ? ጥቅሉን እንደገና ፈትቶ ለይቶ ማሰር አለበት። ቀን ይፈጃል፣ ወጪም አለው። መኪናው እየጠበቀው ነው። ይዞት የመጣው ብር ለምግብና ለማደሪያ አልቋል። ለሌላ ገዢ እንዳይሰጥ ውሉ ያስረዋል። በነገው ቀን ያው ሰው ያንኑ ጥቅል ያየዋል። በእርግጥ ከ2020 ወዲህ የውል መሸጫዎች እንደ ካሮይ፣ ምቩርዊና ሩሳፔ ባሉ ከተሞችም ስለተከፈቱ ሐራሬ ድረስ መንከራተቱ ቀንሷል። ጥሩ ለውጥ ነው። ደረጃ የሚሰጠው ሰው ግን አልተቀየረም።

መከላከያ ተብሎ የተቀመጠው የጨረታው ዋጋ ነው። ኩባንያው ለተመሳሳይ ደረጃ ከጨረታው በታች እንዳይከፍል ተብሎ ነው ጨረታው በመለኪያነት የቆመው። አሁን ግን ከምርቱ ከመቶ ዘጠና አምስት ገደማው በውል ይሸጣል። ጨረታው ላይ የሚቀረው ከመቶ አምስት አካባቢ ነው። ያም በአብዛኛው ብድር አጥቶ፣ ማዳበሪያ አሳንሶ ያመረተው ገበሬ ቅጠል ነው። ደካማው ቅጠል ላይ የወጣው ዋጋ ለጥሩው ቅጠል መነሻ ይሆናል ማለት ነው። ውሉ በተስፋፋ ቁጥር የውሉን ዋጋ የሚጠብቀው ሚዛን ይሳሳል። ጽሑፉ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላነሳም።

የክፍያው ገንዘብም አለ። ብድሩ በዶላር ነው። ክፍያው ግን ሙሉ በሙሉ በዶላር አይደለም። በ2025 ሰባ በመቶው በዶላር፣ ሠላሳ በመቶው ዚግ በሚባለው የአገሩ ገንዘብ ነበር። ዚግ በሚያዝያ 2024 ተጀምሮ በመስከረም ላይ በአንድ ጊዜ አርባ በመቶ ገደማ ዋጋውን አጥቷል። ይህ የኩባንያው ጥፋት አይደለም፣ የመንግሥት ውሳኔ ነው። ግን ገበሬው አገኘ የሚባለው ዋጋ ሲሰላ መቀነስ ነበረበት።

አራተኛው ነጥብ በጣም ያሳሰበኝ ነው። ውሉ አደጋውን ከገበሬው ትከሻ ያወርዳል ይላሉ። ኩባንያው ገንዘቡን አውጥቷል፣ ምርቱ ከጠፋ የሚከስረው እሱ ነው የሚል ነው ክርክሩ።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። አንድ አንድ ሄክታር ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች እናስብ።

የመጀመሪያው ውል የለውም። ባለው ብር የ900 ዶላር ግብዓት ገዛ። ደህና በሆነ ዓመት 900 ኪሎ ያወጣል። በኪሎ 2.80 ዶላር ሸጠው እንበል። 2,520 ዶላር ይሆናል። ወጪውን ሲያነሳ 1,620 ይተርፈዋል።

ሁለተኛው ውል አለው። ሙሉ ግብዓት ወሰደ። ወለዱና ልዩ ልዩ ተቆራጩ ሲደመር ዕዳው 2,300 ዶላር ሆነ። በደህና ዓመት 1,400 ኪሎ ያወጣል። በ3 ዶላር ሲሸጠው 4,200 ነው። ዕዳው ሲቆረጥ 1,900 ይተርፈዋል። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ባለ ውሉ በምርትም በኪስም በልጧል፣ ምንም እንኳ ለተጨማሪው 500 ኪሎ የሄደው ጉልበትና ማገዶ ባይሰላም።

አሁን ዝናቡ ይዘግይ። የሁለቱም ምርት በሲሶ ይቀንስ። የመጀመሪያው 600 ኪሎ አወጣ፣ 1,680 ዶላር አገኘ፣ 780 ተረፈው። ሁለተኛው 930 ኪሎ አወጣ፣ 2,790 ዶላር ሆነ። ዕዳው አልቀነሰም፣ ያው 2,300 ነው። የተረፈው 490።

ባለ ውሉ በክፉው ዓመትም ቢሆን ከጎረቤቱ በሄክታር ከግማሽ በላይ ብልጫ አምርቷል። በጸሐፊው መለኪያ አሸናፊ ነው። ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስገባ ሲሄድ ግን ጎረቤቱ ይበልጠዋል። ዝናቡ ከዚህም ከከፋ ዕዳውን መሸፈን ያቅተዋል። የቀረው ዕዳ የዞረ ድምር ሆኖ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። በሚቀጥለው ዓመት የሚተክለው የአምናውን ለመክፈል ነው። ውሉን ልተው ቢል አይተውም፣ ምክንያቱም ዕዳው ስሙ ላይ አለ።

ኩባንያውም ይከስራል። አዎ፣ አንዳንድ ብድር አይመለስም። ግን ኩባንያው በብዙ ሺህ ማሳ ላይ አበድሯል። የአንዱ ወረዳ በረዶ በሌላው ወረዳ ምርት ይካካስለታል። ወለዱም ሲተመን የማይመለሰው ብድር ታስቦበት ነው። ገበሬው ያለው አንድ ማሳ ነው። አደጋው ወርዷል የሚባለው ከሁለቱ ከየትኛው ትከሻ ነው?

ሊደረግ የሚችል ነገር እንዳለ ጸሐፊው ራሳቸው ያውቃሉ። የበረዶና የድርቅ ኢንሹራንስ ከብድሩ ጋር ታስሮ፣ ክፍያው በቀጥታ ዕዳውን እንዲቀንስ ማድረግ ይቻላል። ወይም ምርቱ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ የዕዳው የተወሰነ ክፍል በኩባንያው ላይ እንዲያርፍ መጻፍ ይቻላል። እንዲህ ያለ አንቀጽ ያለበት ውል አደጋ ይጋራል ቢባል እቀበላለሁ። ጽሑፉ የሚያሞግሰው ግን እንዲህ ያለውን አይደለም።

ከአምስተኛው በፊት አንድ ነገር በአጭሩ። ጸሐፊው የደን ጭፍጨፋና የልጆች ጉልበት ከውሉ ጋር አይገናኙም ብለው በቅንፍ አልፈዋቸዋል። ይገናኛሉ። ኩባንያው ማዳበሪያ ሲያበድር የከሰል ድንጋይ የማይደርሰው ገበሬ ተጨማሪውን ቅጠል የሚያደርቀው በእንጨት ነው። ደንቡ የትንባሆ ገበሬ የራሱን ዛፍ እንዲተክል ያዛል፣ ዛፉ እስኪደርስ ግን የሚቆረጠው የተፈጥሮ ደኑ ነው። ጉልበቱም እንዲሁ። ትንባሆ አንዴ ተዘርቶ የሚታጨድ ሰብል አይደለም። ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው። ከሰኔ ጀምሮ መደብ ላይ ይፈላል፣ ከመስከረም ጀምሮ ችግኙ ይዛወራል፣ አንድ ሄክታር 15 ሺህ ያህል ተክል ይይዛል። ከእያንዳንዱ ተክል አበባው ይቆረጣል፣ ከጎን የሚያቆጠቁጠው ቀንበጥ ይነቀላል፣ ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ በየሳምንቱ ይለቀማል፣ ይሰቀላል፣ ይለያል። ለተጨማሪው ሥራ ሠራተኛ መቅጠሪያ ከሌለ የሚወጡት ሚስትና ልጆች ናቸው። ጤዛ ያረፈበትን ቅጠል በባዶ እጅ የሚለቅም ልጅ ኒኮቲኑ በቆዳው ይገባል። ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ራሱን ያመዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2018 በዚምባብዌ የትንባሆ ማሳዎች ላይ ይህንኑ መዝግቧል። የቤተሰብ ጉልበት በነጻ ተቆጥሮ የሚወጣ የምርታማነት ቁጥር እኔን አያሳምነኝም።

አሁን ወደ መጨረሻው፣ በጎን ስለመሸጥ። ገበሬው የኩባንያውን ማዳበሪያ ወስዶ ምርቱን በሌላ ሰው የአምራች መለያ ቁጥር ለሌላ ገዢ ያስገባል። ጸሐፊው ይህን ክህደት ይሉታል። ፈቃዱ ይነጠቅ፣ በሕግ ይጠየቅ፣ ዳግም ውል እንዳያገኝ ይደረግ ይላሉ።

ጉዳቱን አልክድም። ብድር ሳይመለስ ሲቀር ኩባንያው በሚቀጥለው ዓመት ወለድ ይጨምራል ወይም ወረዳውን ትቶ ይሄዳል። የሚጎዳው በአግባቡ የከፈለው ጎረቤት ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው።

ነገር ግን ገበሬው ለምን እንደሚሸጥ ጸሐፊው አልጠየቁም። የሰጠሁትን ምሳሌ አስቡ። 930 ኪሎ ያወጣው ሰው ምርቱን ሁሉ ለኩባንያው ቢያስገባ 490 ዶላር ይዞ ይገባል፣ ያውም ደረጃው ካልወረደበት። ሦስት ጥቅል በጎን ቢሸጥ ጥሬ ብር ዛሬ በእጁ ይገባል። የልጅ ትምህርት ክፍያ፣ የታመመ ሰው፣ የሚበላ በቆሎ። የሚሸጠው ክፉ ስለሆነ አይደለም። በውሉ መንገድ ሄዶ ለቤቱ የሚተርፍ ስለማያይ ነው። በጎን የሚገዛው ደላላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ለሌላ ፈቃድ ላለው ገዢ ነው። ቅጠሉ መሬት ውስጥ አይቀበርም። ማዳበሪያ ሳያበድር ምርቱን የሚሰበስበው ኩባንያ በጽሑፉ ውስጥ ስሙ ቀርቶ ጥላውም አልታየም።

ከሁሉ በላይ ግን ውል የሁለት ወገን ነው። ማዳበሪያው በተከላ ጊዜ መድረስ ያለበት ነው። አንድ ወር ዘግይቶ ሲደርስ ገበሬው ዝናቡን አይመልሰውም። ምርቱ ቀንሶ፣ ዕዳው ግን ሙሉ ሆኖ ይቆረጣል። በውሉ ላይ ሙሉ ግብዓት ተብሎ ተጽፎ ግማሹ ብቻ ሲመጣ፣ ዋጋውም ከገበያው በላይ ሆኖ ሲመዘገብ፣ የሸጠው ሰው ክፍያ ቀናት ሲዘገይበት፣ እነዚህም ውል ማፍረስ ናቸው። ለእነዚህ ቅጣቱ ምንድን ነው? ተቆጣጣሪው የትንባሆ ኢንዱስትሪና ግብይት ቦርድ የኩባንያዎችን ፈቃድ የመንጠቅ ሥልጣን አለው፣ ኩባንያዎች መስጠት ያለባቸውን አነስተኛ ግብዓትም ይወስናል። ግን ማዳበሪያ ዘግይቶበት ምርቱ ያነሰበትን አንድ ገበሬ ዕዳ ማን ይቀንስለታል? ገበሬው ሐራሬ ሄዶ ጠበቃ አያቆምም። ብዙዎቹ የፈረሙትን ውል ቅጂ እንኳ በእጃቸው አያገኙም።

ስለዚህ ጸሐፊውን የምጠይቀው ቅጣቱን ከማጥበቅ በፊት ውሉን እንዲያነቡ ነው። የግብዓቱ ዋጋ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ይታወቅ። ማዳበሪያው የሚደርስበት ቀን ይጻፍ፣ ለዘገየበት ቀን ዕዳው ይቀነስ። ደረጃ የሚሰጠው ሰው ከገዢውም ከሻጩም ደመወዝ የማይቀበል ይሁን። ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰ ገበሬ የቀረውን ጥቅል ለፈለገው ይሽጥ። የመጨረሻው አንቀጽ ብቻ ቢገባ በጎን የሚሸጠው ምርት የሚቀንስ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ጨረታው እንደገና ጥሩ ቅጠል ያገኛል፣ የኩባንያውም ሰው ደረጃ ሲሰጥ ከጎኑ ሌላ ገዢ እንዳለ ያውቃል።

ጸሐፊው አሠራሩን ወደ ሌሎች ሰብሎች ለማሸጋገር ያቀረቡት ረቂቅ ዘጠኝ የገበሬ ግዴታዎችን ይዘረዝራል። የኩባንያው ግዴታ ተብሎ የተቀመጠው ግብዓት ያቀርባል የሚለው ብቻ ነው፤ መቼ፣ በስንት፣ ባያቀርብስ ምን ይሆናል የሚል የለበትም።